ለተቀመጠ ሰው የተዘጋው ዋሻ

እስቲ ንገሩኝ፤ ድንጋዩ ድንጋይ ባልሆነበት፣ ውሃው በማያረጥብበት፣ ገደሉ ሰው በማይጥልበት ዋሻ በር ላይ «አንቺ አትገቢም» የሚል ሕግ ማን አቆመ? ሶፍ ዑመር ያለውን ዋሻ ወንዝ ቦረቦረው፤ ዘመን አገዘው። ወንዝ ሲቦረቡር መራመድ የማይችል ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ወንዝ ነውና አይወቀስም። ይህኛውን ዋሻ ግን ሰው ሠራው። ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ በኮምፒውተር፣ ሻይ እየጠጣ ሠራው። ሰውየው ሙህዲን ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ ሊነገር የሚገባውም ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው፤ ክፉማ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ጣታችንን ቀስረንበት በሰላም እንተኛ ነበር።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። ሙህዲን የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ቢያጣ፣ የአባቱን መጋዘን ሲጠብቅና በስንዴ አቧራ ሲያስነጥስ ከረመ። ከዚያ በኋላ አንድ የውጭ ድርጅት የሚደግፈው የወጣቶች ማዕከል ተከፈተና ፕሮግራም ሠሪ አድርጎ ቀጠረው። ለማዕከሉም ዓይን ላይ የሚጠለቁ ስድስት የቪአር መነጽሮች መጡለት፤ አራቱ ለሮቤ፣ ሁለቱ ለጎባ ቅርንጫፍ። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ያለበት ክፍል ይጠፋበትና ሌላ ዓለም ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ብቻውን ግን አይደለም። ጎባ ያለችው ልጅ መነጽሯን ካጠለቀች፣ ሮቤ ያለው ልጅ አምሳያዋ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየዋል፤ ያናግራታል፤ አብረው ይጫወታሉ። በዚያ ዓመት ኢንተርኔቱ ዛሬ አለ ነገ የለም ነበርና፣ ሙህዲን ሁለቱን ማዕከላት በአንቴና አገናኝቶ ሰው የሚገናኝበትን ዓለም በራሱ እጅ ሠራ። የሠራውም ሶፍ ዑመርን ነው። ወጣቱ ዋሻው ውስጥ ይገናኛል፤ ፋኖስ ያነሣል፤ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፤ እንግዳም ከሩቅ መጥቶ ይጎበኛል።

ሐሳቡ ግሩም ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ሙህዲን ሦስት ጊዜ ሶፍ ዑመር ሄዶ ዋሻውን ፎቶ ቢያነሣም፣ ፎቶ ዝም ይላል። የትኛው ዓምድ ጋ ድምፅ እንደሚመለስ፣ የት ላይ ሰው ጫማውን አውልቆ እንደሚቆም፣ የት ላይ ብርሃን ከላይ እንደሚወርድ ፎቶው አይናገርም። ያን የነገረችው መርዋ ናት።

መርዋ የኡመር ልጅ ናት። ኡመር ሶፍ ዑመር መንደር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰው ያስጎበኘ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈ ሰው ነው። መርዋ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ያዛትና ሁለት እግሮቿ ከዷት። ዋሻውን ከደጃፉ አልፋ አታውቅም፤ ከደጃፉ በኋላ ቋጥኝና ውሃ ነው። አባቷ ግን ማታ ማታ የዋለበትን ሁሉ ይነግራት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያስጎበኘ ሰው ዝም ብሎ አይነግርም፤ እጅ ይዞ ያስገባል። በእጅ የሚሽከረከር ባለሦስት ጎማ ወንበሯን እየነዳች፣ ቱሪዝም ተምራ ዲፕሎማ ይዛ፣ ሃያ አራት ዓመት ሞልቷት ሮቤ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ሥራ ስትፈልግ ሙህዲን አገኛት።

ሁለት ወር ሙሉ ከኮምፒውተሩ ጎን ተቀምጣ ሠራች።

«ያንን ዓምድ ወደ ግራ ሳበው» ትለዋለች።

«ፎቶው ላይ እዚህ ነው።»

«ፎቶ ያነሣኸው የት ቆመህ ነው? አባቴ እንግዳ ሲያስገባ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ከዚያ ስታየው ዓምዱ በግራ ነው።»

«አንቺ ሳትገቢ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ ገብተህ እንዴት አላወቅህም?»

ሙህዲን ይስቃል፤ ዓምዱንም ይስባል። ሲያየው ልክ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዋሻው አለቀ። ከአባት አፍ ወደ ልጅ ጆሮ፣ ከልጅ አፍ ወደ ማሽን የገባ ዋሻ ነው።

ማዕከሉ በጥቅምት ሲከፈት የከተማው ልጅ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። የሰባትና የስምንት ዓመት ኢጆሌዎች መነጽሩን እየተነጣጠቁ ዋሻው ውስጥ ሲጯጯሁ፣ ጎባ ያሉት ትልልቆች «ይህ ዋሻ ነው ወይስ የጎሮ ገበያ?» ብለው ወጡ። አንዱ ልጅማ በምናቡ ወንዝ ሲዘል በእውኑ ጠረጴዛ ግንባሩን ፈነከተ። የማዕከሉ አስተባባሪ አቶ ኃይለመስቀል ደነገጡ። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሙህዲንን ጠርተው «ሕፃን እንዳይገባ አድርግ፤ በፕሮግራሙ ራሱ እንዲከለከል አድርግ» አሉት።

ሙህዲን አሰበ፤ አቋራጭም አገኘ። መነጽሩ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማሽኑ ያውቃል። እንግዲህ መነጽሩ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ በታች ከሆነ፣ ያጠለቀው ሕፃን ነው ማለት ነው። ይህን የሚፈትሽ አንድ የፕሮግራም መስመር ጻፈ። በራሱ ድምፅም በኦሮምኛና በአማርኛ ቀዳበት፤ «ይህ ዋሻ ለሕፃናት አይደለም። ከወላጆቻችሁ ጋር ተመልሳችሁ ኑ።» ከአምስት ሴኮንድ በኋላ ማሽኑ ይህን ተናግሮ ያስወጣል። ሙህዲን በብልሃቱ ተደስቶ ሻዩን ጨለጠ። በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚቆም መስሎት ነበር።

በማግስቱ መርዋ መጣች። ወንበሯ ላይ ሆና መነጽሩን በሻሿ ላይ አጠለቀች። ወንዙን ሰማች። የአባቷን ዓምድ በግራዋ አየችው። እጇን ዘረጋች። ከዚያ የሙህዲን ድምፅ ከወላጆቿ ጋር ተመልሳ እንድትመጣ ነገራት፤ ጨለመ።

መጀመሪያ ሳቀች። «ሙህዲን፣ ወላጄን ከየት ላምጣልህ? ሶፍ ዑመር ወርጄ ከመቃብር ልቀስቅሰው?»

«አፉ በዪኝ» አለ ሙህዲን፤ ፊቱ ቀላ። «ቴክኒካል ችግር ነው። ይስተካከላል።»

ይህቺን «ይስተካከላል» የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። በሀገራችን ስንቱ በር ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። ጥቅምት «ይስተካከላል» አለ። ኅዳር «ዋናው ኮምፒውተር ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። ታኅሣሥ «ከጎባ ጋር ያለው መስመር ይቅደም» አለ። ጥር ላይ ደግሞ መርዋን ሲያይ ስልክ የሚያናግር መምሰል ጀመረ። ዋሽቷል ማለት አይደለም። የኮምፒውተሩም የመስመሩም ችግር እውነት ነበር። ግን የሁሉንም ችግር በየተራ ሲፈታ የእሷ ተራ አልደረሰም። የማይጮኽ ሰው ተራ መቼ ይደርሳል?

እሷ ብቻም አልነበረችም። ሁንዴ የሚባል ጎልማሳ አለ፤ አጋርፋ መንገድ ላይ ስንዴ ሲያጭድ ኮምባይነር ቀኝ እጁን የወሰደበት። ዋሻው ውስጥ ፋኖስ ለማንሣት በሁለት እጅ ሁለት መቆጣጠሪያ መጫን ያስፈልጋል። ፋኖስ ያላነሣ ደግሞ ከመጀመሪያው አዳራሽ አያልፍም። ሁንዴ ሦስት ቀን ታገለና መነጽሩን መለሰ። «ኮምባይነሩ አንዱን እጄን ወሰደው» አለ ሙህዲንን። «ያንተ ዋሻ ደግሞ የቀረውን ሥራ ፈት አደረገው። ከሁለታችሁ የቱ ይብሳል?»

ሙህዲን ይህን ለአቶ ኃይለመስቀል ነገራቸው። እሳቸውም በርኅራኄ ድምፅ መለሱ፤ ርኅራኄ የመሰለ ነገር እንዴት እንደሚጎዳ ማወቅ የሚፈልግ ይህን ይስማ።

«ስንት ሰው ነው፣ ሙህዲን? ሁለት? ሦስት? ለሦስት ሰው ብለን የተሠራ ሥርዓት አናፈርስም። ደግሞ ያቺን ልጅ ማድከም ምን ይሉታል? በብርድ፣ በጭቃ ያን ወንበር እየገፋች ከምትመጣ ቤቷ ብታርፍ አይሻላትም? እኔ እንዲያውም ስለማዝንላት ነው።»

«የዋሻውን ታሪክ የነገረችን እሷ ናት እኮ።»

«አመስግነናታል። የምስክር ወረቀት እንሰጣታለን።»

ሙህዲን አባባሉ አልተመቸውም። ግን «ስንት ሰው ነው?» የሚለው ጥያቄ ደስ የሚል ትራስ ነው፤ ኅሊናውን አስደገፈበትና ወደ ሥራው ሄደ። ለመርዋም ያንኑ በለሰለሰ ቋንቋ ነገራት፤ «አየሽ፣ ሦስት ሰዎች ናችሁ፤ ሌላው ሥራ በዛብኝ።»

«ሦስት የሆንነው ሌላው በሩ ላይ ሲመለስ ስላልቆጠርከው ነው» አለችው። «ሆቴል ዘግተህ ‹የሚበላ ሰው የለም› ትላለህ እንዴ?»

ነገሩ እልህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርዋ ትተወው ነበር። ማዕከሉ ግን ሦስት አስጎብኚዎች ሊቀጥር ነው። ሥራቸው ዋሻው ውስጥ እንግዳ መቀበል፣ ማስጎብኘት፣ ታሪኩን መናገር ነው። በእውኑ ዋሻ የአባቷን ሥራ ልትወርስ የማትችል ልጅ፣ በዚህኛው ልትወርስ የምትችልበት በር ተከፈተ ማለት ነው። የቃል ፈተናው ላይ ከአሥራ አንድ ተወዳዳሪ አንደኛ ወጣች። ሌላም መስፈርት ነበር፤ ተወዳዳሪው ዋሻው ውስጥ አሥር ሰዓት የተለማመደ መሆን አለበት፤ ሰዓቱን የሚመዘግበው ማሽኑ ነው። ውጤቱ በመጋቢት መጨረሻ ቅዳሜ፣ በከተማው አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነገራል። የሚቀጠር ተቀጥሮ፣ የቀረ ቀርቶ መዝገቡ ይዘጋል። መርዋ ቀኑን ታውቃለች፤ ሙህዲንም ያውቃል።

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ባለው እሑድ ማዕከሉ ሽማግሌዎችን ጋበዘ። ዋሻው ለሕዝበ ሙስሊሙ የዚያራ፣ ተጉዘው ዱዓ የሚያደርጉበት ቦታ ነውና፣ ሽማግሌ ሳይመርቀው እንግዳ ማስገባት ነውር ነው ተባለ። አራት ሽማግሌዎች መጡ፤ ጎባም ሁለት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሮቤዎቹ መሪ ሀጂ ማሜ ናቸው። ሰማንያ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ነጭ ጥምጥማቸው ላይ መነጽሩን ለማጥለቅ ሙህዲን ሲታገል «ቀስ በል፣ ጥምጥሜን ወስደህ በቴሌቪዥን ልትተካው ነው?» ይሉታል። ከዞን የመጡ ኃላፊም ቆመው ያያሉ።

ሙህዲን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት «ሀጂ፣ ብትቆሙ ይሻላል» አላቸው።

«ለምን?»

«ማሽኑ… ቆመው ሲሆን ነው የሚሠራው።»

ሀጂ ማሜ መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩት። «እኔ አንድ ቦታ ተጠርቼ ስሄድ ‹ቁም› ብሎ የተቀበለኝ ሰው የለም። ዱዓ ልናደርግ አይደል የጠራኸን? ምንጣፍ አንጥፍ።»

ምንጣፍ ተነጠፈ። የባሌ ሽማግሌ ሊመርቅ ሲመጣ ይቀመጣል፤ ይህን ሮቤ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሙህዲንም ከጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ማሽኑን ሲሠራ ግን አገሩን ረስቶት ነበር። አራቱም ተቀመጡ፤ መነጽሩን አጠለቁ። ወንዙን ሰሙ። «ማሻአላህ» አሉ። ሀጂ ማሜ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ የሙህዲን ድምፅ ቀደማቸው።

ሀጂ ማሜ መነጽሩን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ከወላጆቼ ጋር ልምጣ ይለኛል።»

«እኔንም» አሉ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ።

«እናቴን ከቀበርኳት ሠላሳ ዓመት አለፋት» አሉ ሀጂ ማሜ። «ሙህዲን፣ ይህ የሚያናግረኝ ሰው ድምፁ ያንተን ይመስላል።»

ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ሙህዲን ግን አልሳቀም፤ ያ ቀልድ ከአምስት ወር በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶታልና። ነገሩን አስረዳቸው። ስለ ሕፃናቱ፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ አንድ ሜትር ከሠላሳው። ሀጂ ማሜ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ።

«ልጄ፣ ሶላትን እንኳ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል። መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ ይሰግዳል። አላህ ከባሪያው የማይጠይቀውን አንተ ከየት አምጥተህ ትጠይቃለህ?»

አቶ ኃይለመስቀል ወደ ሙህዲን ጆሮ ጠጋ ብለው «አሁኑኑ አስተካክል» አሉት። የዞኑ ኃላፊ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሙህዲን ኮምፒውተሩ ጋ ሄደ። መስመሯን አጠፋት። የተቀመጠ ሰው አምሳያ እስከ ወገቡ ወለል ውስጥ እንዳይቀበር አንድ ቁጥር ቀየረ። ሁለት ጊዜ ሞከረው። ለሽማግሌዎቹ የተቀዳው ሻይ ገና ይጨስ ነበር። «ይስተካከላል» እየተባለ አምስት ወር የተንከባለለው ሥራ ይኸው ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ መሣሪያም አልነበረም። የጎደለው፣ በሩ ላይ የተመለሰው ሰው የሚያስደነግጥ ሰው መሆኑ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከጎባዎቹ ጋር ዋሻው ውስጥ ተገናኙ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ሀጂ ማሜ ሲወጡ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ያ ዓምድ ቦታው ልክ ነው» አሉ። «ኡመር ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ሲቆም የሚታየው እንደዚያ ነው። ማን ነገረህ?»

«ልጁ ናት፤ መርዋ።»

«ታዲያ የታለች?»

ሙህዲን የመነጽሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ኃይለመስቀል ጠሩት። «ያችን መስመር መልሳት።»

«እንዴት?»

«ሽማግሌዎቹ እንግዶች ናቸው፤ ለእንግዳ በር ይከፈታል። ሕግ ግን ሕግ ነው። ለድርጅቱ በላክነው ሪፖርት ‹ሕፃናት በፕሮግራሙ ራሱ ይከለከላሉ› ብለናል። ሰው መጥቶ ቢያይና ባይኖር ምን እላለሁ?»

ሙህዲንስ ምን አደረገ? ተቃወመ? ቢሮውን ጥሎ ወጣ? ተቀምጦ መስመሯን መለሳት። መጻፍ እንኳ አላስፈለገውም፤ ከመጠባበቂያው ቅጂ ገልብጦ ለጠፋት። ትዕዛዝ ነው አለ በልቡ። በዚህ ሀገር ስንት በር የሚዘጋው በክፋት ሳይሆን «ትዕዛዝ ነው» በሚሉ ደጋግ እጆች ነው።

ማክሰኞ መርዋ መጣች። የእሑዱን ወሬ ሰምታለች፤ በአራት ሰው የታየ ነገር ሮቤ ውስጥ ሲመሽ አርባ ሰው ያውቀዋል። የአክስቷን የዒድ ሻሽ አድርጋለች። በር ላይ የምትመዘግበዋ ሰቢሪና መነጽሩን አቀበለቻት።

«ሀጂ ማሜ ተቀምጠው ገቡ አሉ» አለች መርዋ፤ ፊቷ በርቷል። «እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለኝ። በቀን ሦስት ሰዓት ብገባ አሥሩ ይሞላል፤ ይተርፋልም።»

ሙህዲን ሊያስቆማት አፉን ከፈተ። ምን ይበላት? መነጽሩን አጠለቀች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቢስሚላህ አለች። እጇን ወደ ግራዋ ዘረጋች። ሙህዲን በልቡ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀች፤ እንደ ማዕከሉ ደንብ መስታወቱን በጨርቅ ጠረገች፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እሑድ ችለህ ነበር» አለች።

«መርዋ…»

«እኔ እስከ ዛሬ ማሽኑ እምቢ ብሎህ ነው ብዬ ላንተ ዱዓ አደርግልህ ነበር። ‹ያ ልጅ ደከመ፣ አግዘው› እል ነበር። ማሽኑ አልነበረም ለካ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወንበሯን አዙራ ወጣች። ሰቢሪና ሙህዲንን አየችው፤ ሙህዲን ወለሉን አየ።

ከሰዓት በኋላ የማሽኑን መዝገብ ከፈተ። ማሽኑ ማን መቼ እንደገባ፣ ስንት እንደቆየ አይረሳም። «መርዋ ኡመር» ብሎ ፈለገ። ሠላሳ አንድ መስመር ወጣለት። በአምስት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ገብታ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተባራለች። እያንዳንዱ አምስት ሴኮንድ ነው። አንድ ላይ ሲደመር ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ አምስት ሴኮንድ። ከአሥሩ ሰዓት የያዘችው ይህ ነው። አብዛኛውን እሱ በሌለበት ቀን፣ ምናልባት ተስተካክሎ ይሆናል እያለች ነበር የምትሞክረው።

ከዚያ ማሽኑ ከኅዳር ወዲህ ያባረራቸውን ሰዎች በሙሉ ዝርዝር አወጣ። መቶ አርባ ያህል ነው። ወንበሩን ወደ ሰቢሪና ገፋ።

«ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሕፃን ነው?»

ሰቢሪና ስሞቹን ከመዝገቧ ጋር አስተያየች። «ይቺ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መቆም ደክሟት ወንበር ሰጠኋት። ይህ ከጎሮ የመጣው መምህር ነው፤ ቁመቱ አጭር ነው፤ ተናዶ ሄደ። ይህ ወገቡን የሚያመው አናጢ። ይቺ…»

«ሕፃኑን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሕፃን እኔ በሩን መቼ አሳልፌ አውቃለሁ? ከኅዳር ጀምሮ እዚህ የተቀመጥኩት ለምን መሰለህ? ዓይን የለኝም እንዴ?»

ለሕፃናት የተዘረጋው ወጥመድ ከኅዳር ወዲህ አንድም ሕፃን አልያዘም። የያዘው ሁሉ አዋቂ ነው። ሦስት ሰው ሲል የኖረው መቶ አርባ ነው፤ ሦስቱ ጮክ ብለው የተናገሩት ብቻ ናቸው።

በዚያኑ ቀን ያችን ከልካይ መስመር አጠፋት፤ የመጠባበቂያውን ቅጂም አጠፋ። ሁንዴን አስጠርቶ ፋኖሱ በአንድ እጅ እንዲነሣ አደረገ፤ ሁንዴም «ከኮምባይነሩ ተሻልክ» አለው። መርዋ ዘንድ ግን አልሄደም። ለእሷ አሁን በሩን መክፈት አይበቃም ነበር። አሥሩ ሰዓት በቀረው ቀን እንዲሞላም እሷ ድጋሚ አልመጣችም፤ ለምንስ ትመጣለች? ደግሞም አምስት ወር የተከለከለ ሰው በሦስት ቀን ሩጥ ሲባል ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ሌላ ፌዝ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሀጂ ማሜ ከፊት ተቀምጠዋል። መርዋ ከሁንዴ ጎን፣ በመተላለፊያው ላይ ናት፤ ሀጂ ማሜ ሰው ልከው ነው ያስመጧት። አቶ ኃይለመስቀል ሪፖርታቸውን አነበቡ። «ማዕከላችን ለማንኛውም የኅብረተሰብ ክፍል ያለ ልዩነት ክፍት ሆኗል» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ የሦስቱን አስጎብኚዎች ስም ጠሩ። መርዋ የለችበትም። «በቃል ፈተናው ጥሩ ውጤት ያመጡ ሌሎችም ነበሩ» አሉ። «ነገር ግን የልምምድ ሰዓታቸውን ባለማሟላታቸው…»

ሙህዲን ተነሣ። እጁን አላወጣም፤ ማይኩን ከሚያዞረው ልጅ ተቀበለ።

«ሰዓቷን ያላሟላችው እኔ ስላባረርኳት ነው። የተቀመጠን ሰው ሁሉ ሕፃን ነው ብሎ የሚያስወጣ መስመር ጽፌያለሁ። መቶ አርባ ሰው አባርሯል፤ ዝርዝሩ ይኸው በእጄ ነው። ከኅዳር ወዲህ አንድም ሕፃን የለበትም። ይህችን ልጅ ሠላሳ አንድ ጊዜ አባሯታል። ዋሻውን የነገረችኝ እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ለሽማግሌዎቻችን ብዬ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አነሣሁት። ሰኞ መልሰው ተባልኩ፤ መለስኩት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቀውም በጓዳ ሳይሆን እዚሁ ነው። ማክሰኞ ያለ ፈቃድ አጥፍቼዋለሁ፤ ለዚያም የሚመጣውን እቀበላለሁ።»

አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ኃይለመስቀል ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉ በረጋ ድምፅ። «ሰኞ ቢሮ ተገናኝተን እንነጋገርበታለን። የእኅታችንን ጉዳይ በርኅራኄ እናየዋለን።»

«ርኅራኄ አልጠየቅሁም» አለች መርዋ። ማይክ አልነበራትም፤ ግን ተሰማች። ሠላሳ ዓመት በዋሻ ውስጥ ሰው ያናገረ አባት ልጅ ናት። «ቢሮም አልመጣም። ያባረረኝ ድምፅ ዛሬ በአደባባይ ተናግሯል፤ መልሱም በአደባባይ ይነገር። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ‹ለሁሉም ክፍት ነው› ሲባል ሰምቷል፤ አጨብጭቧልም።»

ሀጂ ማሜ ከፊት ወንበር ዘወር ብለው አቶ ኃይለመስቀልን አዩ። ሙህዲን በመተላለፊያው መጥቶ ማይኩን ለመርዋ ሰጣት። መርዋ ወንበሯን እያሽከረከረች እስከ መድረኩ ጠረጴዛ ድረስ ሄደች፤ ማይኩን ከሪፖርቱ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«አቶ ኃይለመስቀል፣ እሑድ የተከፈተውን በር ሰኞ ለምን አስዘጉት? ሕዝቡ ይስማዎት፤ ይመልሱ።»